ቅመሙ ይፍላ፣ ቅጠሉ አይፍላ፦ ጥሩ ሻይ በጎጃም ከፍታ ላይ

ከውጭ በሚመጣ የሻይ ቅጠል ካርቶን ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ አጭር መመሪያ ይጻፋል። ውሃውን ከ95 እስከ 100 ዲግሪ አድርሱ፣ ቅጠሉን አራት ደቂቃ ያህል አቆዩት ይላል። ደብረ ማርቆስ ያለ ሰው ይህን መመሪያ እንዳለ መፈጸም አይችልም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ወደ 2450 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከሰሉን ብትጨምሩበት ውሃው ተንኖ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

ባሕር ዳር ዝቅ ስለምትል 94 ይደርሳል። ዳንግላ 93 አካባቢ ነው። እንጅባራ ደግሞ ከደብረ ማርቆስም ትንሽ ያንሳል። ደጀንን አልፋችሁ አባይ ድልድይ ድረስ ብትወርዱ እዚያ ውሃው 97 አካባቢ ደርሶ ነው የሚፈላው። ምክንያቱ የአየር ግፊት ነው። ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል።

ስለ ሻይ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ ነው። እኛ ደጋና ወይና ደጋ ላይ ነን። ስለዚህ ጥሩ ቅጠል ገዝቶ "ምኑም አልጣመኝ" የሚል ሰው ሁልጊዜ ተታሎ አይደለም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው አፈላሉ ላይ ነው።

መጀመሪያ ግን ቅጠሉ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። ጥቁር ሻይ፣ አረንጓዴ ሻይ፣ ነጭ ሻይ፣ ኡሎንግ የሚባሉት ሁሉ የሚገኙት ከአንድ ተክል ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ካሜሊያ ሳይነንሲስ ይባላል። የሚለያያቸው ከተለቀሙ በኋላ የሚሠራባቸው ሥራ ነው። ድንች ተልጦ ሲቀመጥ ይጠቁራል አይደል? በሻይ ቅጠል ላይ የሚሆነውም እንደዚያው ነው። ቅጠሉ ሲታሽና ሲሰበር ውስጡ ያለው ነገር ከአየር ጋር ተገናኝቶ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይለወጣል። ጥቁር ሻይ እስኪጠቁር ድረስ ጊዜ ተሰጥቶት የደረቀ ነው። አረንጓዴው ገና ትኩስ ሳለ በእንፋሎት ወይም በጋለ ምጣድ ይሞቅና መጥቆሩ እንዲቆም ይደረጋል። ኡሎንግ መሐል ላይ ነው። ነጭ ሻይ ከሁሉም ያነሰ ሥራ የተሠራበት ነው፤ ጠውልጎ ይደርቃል፣ በቃ። ለጀማሪ ነጭ ሻይን አልመክርም። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ጣዕሙም ስስ ነው። ምላስ ሳይለምድ ልዩነቱን መለየት ያስቸግራል።

ጦስኝ፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋ ለብቻቸው ሲፈሉም ሻይ እንላቸዋለን። ከዚህ ተክል ስላልሆኑ ግን ካፌይን የላቸውም። ከታች ስለ ሙቀትና ስለ ደቂቃ የምለውም እነሱን አይመለከትም። እንደ ልባችሁ አፍሏቸው።

አሁን ወደ ሱቅ እንግባ። አገራችን ውስጥ ሻይ ከሚለማባቸው ቦታዎች ዋና ዋናዎቹ ካፋ ውስጥ ቦንጋ አጠገብ ያለው ውሽውሽና ኢሉባቦር ውስጥ ጎሬ አካባቢ ያለው ጉመሮ ናቸው። በየሱቁ በፓኬት የምናገኘው የአገር ውስጥ ሻይ በአብዛኛው ሲቲሲ በሚባለው ዘዴ የተሠራ ጥቁር ሻይ ነው። ይህ ዘዴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ሕንድ ውስጥ፣ አሳም ላይ የተጀመረ ነው። ጥርስ ያላቸው ብረት ጥቅልሎች ቅጠሉን ይጨፈልቁታል፣ ይቀዱታል፣ ከዚያ ያድበለብሉታል። ውጤቱ ሁላችንም የምናውቃት ትንሿ ጥቁር ፍሬ ነች። የኬንያ ሻይም አብዛኛው እንዲሁ ነው። ቶሎ ይወጣል፣ ይጠቁራል፣ ወተትና ስኳር ይችላል፣ ትንሽ ቅጠል ብዙ ብርጭቆ ያጠጣል።

ሁለተኛው ዘዴ ኦርቶዶክስ ይባላል። ሃይማኖትን አይመለከትም፣ የአሠራሩ ስም ነው። ቅጠሉ ሳይፈጭ ይጠወልጋል፣ ይታሻል፣ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ይደርቃል። ሲገዛ የተጠማዘዘ ክር የሚመስል ረጅም ቅጠል ነው። ውሃ ሲነካው ቀስ ብሎ ይዘረጋል። ጣዕሙም ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ መጀመሪያ የአበባ ሽታ፣ ቀጥሎ ማር ማር የሚል ነገር፣ መጨረሻ ላይ ጠንከር ያለ ምሬት። እንዲህ ያለውን ቅጠል የአገራችን ሱቅ እንደ ልብ አያገኝም። ባሕር ዳር ትልልቅ ሱፐር ማርኬቶች ውስጥ መጠየቅ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለም አደራ ማለት ይቻላል።

ሲቲሲ ርካሽ፣ ኦርቶዶክስ ምርጥ ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። በቅርቡ የታሸገ የውሽውሽ ሻይ፣ መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓመት ከቆየ ባለ ወርቃማ ቆርቆሮ የውጭ ሻይ ይበልጣል። ይህን በሙሉ ልብ ነው የምለው። ሻይ ላይ ከሁሉም የሚቀድመው ትኩስነት ነው።

በውጭ ፓኬቶች ላይ የምታዩዋቸው ፊደላትም ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ኦፒ፣ ቢኦፒ፣ ፒኤፍ1፣ ደስት የሚሉት የቅጠሉን መጠን ነው የሚናገሩት። ኦፒ ረጅም ቅጠል ነው። ቢኦፒ የተሰባበረ ነው። ፒኤፍ1 ደቃቅ የሲቲሲ ፍሬ ነው። ደስት ደግሞ ከሁሉም የደቀቀው ሆኖ ቲ ባግ ውስጥ በብዛት ይገባል። ደቃቁ ቶሎ ይወጣል፣ ትልቁ ጊዜ ይፈልጋል። ፊደሉ የሚነግራችሁ ይህንን ነው፤ ይጣፍጥ አይጣፍጥ አይነግራችሁም። ኦሬንጅ ፔኮ የሚል ካያችሁም ብርቱካን የለበትም፣ ያው ኦፒ ማለት ነው።

ስትገዙ አፍንጫችሁን እመኑ። ሻጩ ከፍቶ የሚሸጥ ከሆነ እፍኝ ቅጠል ወደ አፍንጫ አስጠጉና ትንፋሻችሁን እፍ በሉበት። የትንፋሹ እርጥበት ሽታውን ይቀሰቅሰዋል። ጥሩ ጥቁር ሻይ የጣፋጭ፣ የብቅል ወይም የደረቀ ፍራፍሬ ዓይነት ሽታ ይሰጣል። ካርቶን ካርቶን ወይም አቧራ አቧራ ካለ አርጅቷል። ምንም ካልሸተተም አርጅቷል። ቀጥሎ አንዱን ቅጠል በሁለት ጣት ስበሩት። ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ከተለመጠ እርጥበት ገብቶታል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን አትግዙ። መጠኑ እኩል ይሁን። ትልቅ ቅጠል ነው ተብሎ ከታች ዱቄት ከሞላበት፣ ቀይ ቀይ ግንድም ከበዛበት፣ ከፋብሪካ የተረፈ ሊሆን ይችላል።

የተቀመጠበትንም ቦታ ተመልከቱ። ሻይ በዙሪያው ያለውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ቻይናዎች የጃስሚን ሻይ የሚሠሩት ይህንኑ ጠባይ ተጠቅመው ነው፤ ትኩስ አበባ ከቅጠሉ ጋር ቀላቅለው ያሳድሩታል፣ ሽታው ይገባበታል። እኛ ጋ ግን ብዙ ሱቅ ውስጥ ሻይ የሚያድረው ከኦሞ፣ ከበርበሬና ከሳሙና ጎን ነው። በስስ ወረቀት የታሸገ ከሆነ ያን ሁሉ ይዞ ነው ቤታችሁ የሚመጣው። ውስጡ የብር ወረቀት ያለው ወይም በቆርቆሮ የታሸገውን ምረጡ።

የማብቂያ ቀን ብቻ አይታችሁ አትርኩ። የታሸገበትን ቀን ፈልጉ። ጥቁር ሻይ በደንብ ከታሸገ ሁለት ዓመት ድረስ ደህና ነው። አረንጓዴ ሻይ ግን ዓመት ሳይሞላው ቢጠጣ ይሻላል። ቀለም ተጨምሮበታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ ነጭ ሶፍት ላይ ትንሽ ቅጠል በትኑና ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ንጹሕ ቅጠል ቀስ ብሎ ፈዛዛ ቡናማ ምልክት ይተዋል። ወዲያው ደማቅ ቀለም ከፈሰሰ አትጠጡት።

ለመጀመሪያ ጊዜ 100 ግራም ይበቃል። ከዚያ ከ40 እስከ 50 ብርጭቆ ይወጣል። ኪሎ ገዝቶ ማስቀመጥ የሚጎዳው ገዢውን ነው።

ወደ አፈላሉ እንምጣ። የብዙ ቤት ልማድ ይታወቃል። ውሃ በበራድ ይጣዳል። ስኳሩም ቅመሙም ቅጠሉም አንድ ላይ ይገባል። ከዚያ እስኪጠቁር ይንተከተካል። ጠዋት ከዳቦ ጋር ለሚጠጣ ጣፋጭ ሻይ ይህ የራሱ ቦታ አለው። ሲቲሲን ከወተት ጋር ማፍላትም ምንም ክፋት የለውም። ጥሩ ቅጠልን ግን ይገድለዋል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ሽታ በቀላሉ የሚተን ነው፤ ሲንተከተክ ቤቱን ያውደዋል፣ ብርጭቆው ውስጥ ግን አይቀርም። ምላስ የሚያደርቀው ታኒን ደግሞ በረዘመ ቁጥር እየጨመረ ይወጣል። ያኔ ስኳር ሳይበዛበት አይጠጣም።

እንዲህ ሞክሩት። ለግማሽ ሊትር ውሃ፣ መለኪያ ከሌላችሁ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ተጠቀሙ፣ ሲቲሲ ከሆነ ሁለት ልክ ልክ የሻይ ማንኪያ። ረጅም ቅጠል ከሆነ ሦስት ሙሉ ማንኪያ፣ ምክንያቱም ተጠጋግቶ ስለማይቀመጥ ማንኪያ ላይ ብዙ መስሎ ሲመዘን ትንሽ ነው። ሁለቱም ወደ ስድስት ግራም ይመጣሉ። ውሃውን በደንብ አፍሉት። ገና ድምፅ ሲያሰማ ሳይሆን ከሥር እየተገለበጠ ሲንተከተክ። እኛ ከ92 ነው የምንነሳው፣ አንድም ዲግሪ የምናባክነው የለም።

ብዙዎች የሚዘሉት ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ቅጠሉን የምታቆዩበትን ሁለተኛ በራድ ወይም ክዳን ያለው ዕቃ አስቀድማችሁ በፈላ ውሃ አለቅልቁት፣ ውሃውንም ድፉት። ቀዝቃዛ ሸክላ ወይም ብረት ላይ የፈላ ውሃ ሲገለበጥ ሙቀቱ ወዲያው ይወርዳል። ዝቅ ያለ አገር ላይ ይህ ትንሽ ጉዳት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን 92 የነበረው 80ዎቹ ውስጥ ይገባል፣ ጥቁር ሻይም በዚያ ሙቀት በደንብ አይወጣም። ዕቃው ከሞቀ በኋላ ቅጠሉን ጨምሩ፣ የፈላውን ውሃ አፍስሱበት፣ ክደኑት፣ በፎጣ ጠቅልሉት። ሲቲሲ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ረጅም ቅጠል አምስት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ካርቶኑ አራት ቢል እንኳን እኛ አንድ እንጨምራለን። ከዚያ ሁሉንም በአንዴ አጥልላችሁ ቅዱ። ቅጠሉ ውሃ ውስጥ እየተቀመጠ ቀስ በቀስ የሚቀዳ ሻይ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ይመርራል።

ፔርሙስ ሙቀት ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። ግን ቡና ይዞ የሚያውቅ ፔርሙስ አይሆንም። ሽታው አይለቅም።

ቅጠል የሚከተትባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብረት ኳስም ትሸጣለች። አልወዳትም። ረጅም ቅጠል ሲረጥብ ብዙ እጥፍ ያብጣል፤ እዚያ ውስጥ ተጨናንቆ አይዘረጋም። ሰፋ ያለ የተለመደው ማጥሊያ ይሻላል።

አንድ እንግዳ "ኧረ ልጄ፣ ይቺስ ገና አልጠቆረችም" ቢላችሁ መልሳችሁ አትጣዱት። በሚቀጥለው ጊዜ ቅጠል ጨምሩ። ሻይን ጠንካራ የሚያደርገው የቅጠሉ ብዛት ነው። ጊዜው ሲረዝም የሚጨምረው ምሬት ነው። ይህን አንዴ የያዘ ሰው የቀረውን ሁሉ በራሱ ይደርስበታል።

ቅመም የምትወዱ ከሆነ፣ ጎጃም ውስጥ የማይወድ ስንት ነው፣ ቅመሙንና ቅጠሉን ለዩዋቸው። ቀረፋ ቅርፊት ነው፣ ቅርንፉድ ደረቅ እንቡጥ ነው፣ ሄል ፍሬ ነው። እነዚህ ጊዜና እሳት ይፈልጋሉ። ለግማሽ ሊትር አንድ ትንሽ ስባሪ ቀረፋ፣ አንድ ወይም ሁለት ቅርንፉድ፣ ሁለት የተሰነጠቀ ሄል ጨምራችሁ ከድናችሁ አሥር ደቂቃ አፍሉ። ከዚያ በራዱን ከእሳት አውርዱ። ቅጠሉ የሚገባው አሁን ነው። አራት ደቂቃ፣ ከዚያ ማጥለል። ቅመሙም ቅጠሉም ተለይተው ይታወቃሉ። ቅርንፉድ ላይ ተጠንቀቁ፤ ከበዛ ሌላውን ሁሉ ይቀብረዋል።

ስኳሩን በራድ ውስጥ አትጨምሩ፣ እያንዳንዱ ሰው በብርጭቆው ይጨምር። መጀመሪያ ግን ሁለት ጉንጭ ያለ ስኳር ቅመሱ። የጎጃም ማር ከጠንካራ ጥቁር ሻይና ከሎሚ ጋር ይሄዳል። ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ስስ ሻይ ላይ ግን አይመከርም። ሎሚ ሲገባ ሻዩ ይቀላል፤ አሲዱ ቀለሙን ስለሚያፈዝዘው ነው፣ ጥንካሬው አልቀነሰም።

አረንጓዴ ሻይ ላይ ከፍታችን ይጠቅመናል። እሱ የሚፈልገው ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ነው። ከዚያ ከበለጠ ምሬቱ ቶሎ ይወጣል። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ደብረ ማርቆስ ላይ አራት ብርጭቆ አሁን የፈላ ውሃ ላይ አንድ ብርጭቆ የቀዘቀዘ ውሃ ቀላቅሉ፤ ወደ 78 ዲግሪ ይመጣል። ባሕር ዳር ላይም ከ80 ብዙ አይርቅም። የቀዘቀዘው ውሃ ቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ቅጠሉን ሁለት ደቂቃ አቆዩትና አጥልሉት። ጥሩ አረንጓዴ ሻይና ኡሎንግ ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ ይችላሉ፣ ስለዚህ ቅጠሉን አትድፉት። ሲቲሲ ግን ያለውን ሁሉ በመጀመሪያው ይሰጣል።

ውሃውም ራሱ ግማሹ ሥራ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ከሸተተ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ክፍቱን አሳድሩት ወይም ሳትከድኑ አፍሉት። በራዳችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ውሃው ማዕድን በዝቶበታል። እንዲህ ያለ ውሃ ሻዩን ያደበዝዘዋል፣ ላዩ ላይም ስስ ቆዳ ይሠራል። ቅርፊቱ በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ ይለቃል። ሌላ ምንጭ ካለ በእሱ ሞክሩና አወዳድሩ።

ማወዳደር ካልኩ አይቀር፣ ሻይን ለመማር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ዓለም አቀፍ ቀማሾች የሚጠቀሙበት አይሶ 3103 የሚባል ደረጃ አለ። ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ሁለት ግራም ቅጠል፣ ስድስት ደቂቃ ይላል። ይህ ለመጠጣት ጠንከር ያለ ነው። ዓላማው ጉድለትን ማውጣት ነው። ቤት ውስጥ ቀለል አድርጋችሁ ሥሩት። ሁለት የተለያየ ሻይ፣ ሁለት እኩል ብርጭቆ፣ እኩል ማንኪያ፣ አንድ ውሃ፣ እኩል ደቂቃ፣ ያለ ስኳር። መጀመሪያ እርጡቡን ቅጠል አሽትቱ። ቀለሙንም እዩ፤ የጥሩ ጥቁር ሻይ ቅጠል ሲረጥብ መዳብ መሰል ቅላት ያሳያል። ከዚያ ለብ ሲል ቅመሱት። በጣም ትኩስ ሳለ ምላስ የሚያውቀው ሙቀቱን ብቻ ነው። ለዚህ ሙከራ ከሠፈር ሱቅ የገዛችሁትን የውሽውሽ ፓኬትና ከሩቅ የመጣውን ረጅም ቅጠል ጎን ለጎን አቅርቡ። የትኛው እንደሚሻል ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

የከፈታችሁትን ሻይ ጥብቅ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አስቀምጡ። ብርሃን፣ እርጥበትና ሽታ ይጎዱታል። ክረምት ላይ ዝናቡ ሳምንታት ሙሉ ሳያባራ ሲቀር በተለይ ተጠንቀቁ፤ እርጥብ ማንኪያ አታስገቡበት፣ ከምድጃ በላይም አትስቀሉት። ከቡና ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አይደር።

በመጨረሻ ስለ ጤና ሁለት ነገር። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ይቀንሳል። የእኛ ገበታ ጤፍ፣ ምስርና ሽሮ ስለሆነ፣ በጾም ወቅት ደግሞ ሥጋ ስለሌለ፣ ይህ ይመለከተናል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይበቃል። ነፍሰ ጡር ሴቶችና ደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች ይህን ቸል አይበሉት። ሁለተኛው ካፌይን ነው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ከቡና ያነሰ ቢይዝም አረንጓዴውም ነጩም አለባቸው። እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው ከአመሻሽ በኋላ ጦስኝ ወይም ዝንጅብል ቢያፈላ ይሻለዋል።